ጥምጥሙ አያታልላችሁ

የህንድ ወታደርን በትንሹ ቀርጾ ቀለም የሚቀባ ሰው ብዙ ነው፤ አጥርቶ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። እዚህ እስራኤል ውስጥ ቶሎ የሚታወቁት በመስከረም 1918 እ.ኤ.አ. ሐይፋን የያዙት የጆድፑርና የማይሶር ጦረኛ ፈረሰኞች ናቸው። ያምራሉ፣ ፈረሱ ግን ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ቂርያት ጋት ሆኜ እኔ የምፈልገው እኛ አገር፣ ኢትዮጵያ፣ የዘመቱትን፣ ማለትም በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ የጦር አዛዥ ከናፒየር ጋር መቅደላ የወጡትንና በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን የወጉትን ነው።

ገዢ መጀመሪያ ጥምጥሙን ያያል። እናንተ ጠመንጃውን እዩ። የመቅደላው ህንድ ሲናድር ከያዘ ዕቃውን ለባለቤቱ መልሱ። ከ1857 እ.ኤ.አ. የህንድ አመፅ በኋላ እንግሊዞች የህንድ ወታደሮቻቸውን አላመኑም፤ ከኋላ የሚጎርሰውን አዲስ መሣሪያ፣ ሲናድርን፣ ለራሳቸው ሰዎች አስታጥቀው ህንዶቹን በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ አዘመቱ። ሚያዝያ 3 ቀን መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ የ23ኛው ፑንጃብ ፓዮኒየር ሰዎች ከቴዎድሮስ ወታደሮች ጋር በሳንጃ የተሞሻለቁት ይህንኑ ይዘው ነው። ልዩነቱን ለማየት መዶሻው ላይ አተኩሩ። ሲናድር ከመዶሻው ፊት በጎን የሚከፈት ክዳን አለው፤ የህንዱ ጠመንጃ እዚያ ቦታ ላይ ድፍን ነው፣ መዶሻውም የሚወርደው በትንሽ ካፕሱል ላይ ነው። የካፕሱሏን ኪስ ቀበቶው ላይ ያልረሳ ሠሪ ሥራውን ያውቃል።

ለሁሉም ቀይ ኮት የሚያለብስ ሠሪ ሰነፍ ነው። የ27ኛው የባሉች ክፍለ ጦር ልብስ አረንጓዴ ኮትና ቀይ ሱሪ፣ የፓዮኒየሮቹ ደግሞ አፈርማ ነበር። ከህንድ የመጡት 44 ዝሆኖችም መድፉን በጀርባቸው ተሸከሙ እንጂ እንደ በሬ አልጎተቱም።

የ1933ቱ ካኪ ለባሽ ቀላል ይመስላል፣ የሚያጋልጠው ግን እሱ ነው። ሊ-ኢንፊልዱ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ጫፍ የደረሰ፣ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ መሆን አለበት፤ አፈሙዙ ራቁቱን ወጣ ካለ ኋላ የመጣው ሞዴል ነው። ሳንጃውም ረጅሙ፣ ስለቱ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ነው። የሲኩ ጥምጥም ውስጥ ቆብ የለም፤ የፑንጃቡ ሙስሊም ግን ጥምጥሙን የሚጠመጥመው ጫፉ በሾለ ቆብ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የቀባ ሰው ፎቶግራፍ እንኳ አላየም።

የመጨረሻው ፈተና አቧራው ነው። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ህንዳዊው ምክትል መቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በአራት ቀን 15 የፈንጂ ወረዳ አስጠርጎ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸልሟል። እሱን የሚሠሩ ሰዎች ጫማውን በቀይ አፈር ይለውሱታል። መተማ ዋልካ ነው፤ በጥር ሲደርቅ ግራጫ አቧራ ይሆናል፣ እሱም ገንባሌው ላይ ወፍሮ ወደ ጉልበት እየሳሳ ይሄዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ለጎረቤት ሽማግሌ አሳዩት፤ ከቂርያት ጋት ሰው ያንን ቆላ ወደ ሱዳን በእግሩ ያቋረጠ አይጠፋም።