«ፈረሱላ» ከ«ፈረስ» ነውን? ስለ ቃላት ምንጭ አመራመር የቀረበ ትችት

የአንድ ቃል ምንጭ ሲጠየቅ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናማክረው ጆሮአችንን ነው። ድምፁ ከምናውቀው ቃል ጋር ከተመሳሰለ ዝምድናው ተገኘ እንላለን፤ ከዚያም ለዝምድናው ታሪክ እንፈጥርለታለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ልማድ ወዴት እንደሚያደርሰን፥ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፥ ይኸውም በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳ፥ በገለምሶና በሚኤሶ ገበያና ጣቢያ በሚነገሩ ጥቂት ቃላት ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ «ፈረሱላ» የሚለውን እንመልከት። የሐረርጌ ቡናና ጫት ሲሸጥበት የኖረ ሚዛን ሲሆን አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ያህላል። ጆሮ ብቻ ቢፈርድ ቃሉ ከ«ፈረስ» የወጣ፥ ትርጕሙም «የፈረስ ጭነት» የሆነ ይመስላል። ነገር ግን ሚዛኑ ራሱ ይህን ፍርድ ያፈርሰዋል። 17 ኪሎ አንድ ጎረምሳ በትከሻው የሚሸከመው ነው እንጂ የፈረስ ጭነት አይባልም። ደግሞም ቃሉ የአገራችን ብቻ አይደለም፤ በየመን በሞካ ወደብ፥ በዛንዚባርና በሕንድ ጠረፍ የነበሩ ነጋዴዎች «ፈራሲላ» እያሉ ይመዝኑበት ነበር፤ ልኩም ከወደብ ወደብ ይለያይ ነበር። በእነዚያው ወደቦች ለትልቁ ጭነት የተመደበው ሚዛን «ባሃር» የሚባል ሌላ ሲሆን፥ በውስጡ ብዙ ፈራሲላ ይይዝ ነበር። እንግዲህ ፈረሱላ የባሕር ንግድ ቃል ነው። የፈረሱን ተረት የተቀበለ ሰው የሚያጣው አንድ ትርጕም ብቻ አይደለም፤ የጨርጨር ገበሬ ከባሕር ማዶ ገበያ ጋር የነበረውንም ግንኙነት ያጣል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከምድር ባቡር የተወሰደ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፥ በሚኤሶና በአዋሽ አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከሐዲዱ ጋር «ፉርጎ» እና «ቡፌ» የሚባሉት የፈረንሳይኛ ቃላት ገቡ። የአዲስ አበባው «ለገሃር»ም ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ግን «ለጋ» ወንዝ መሆኑን፥ ለገ ዳዲና ለገ ጣፎ የሚባሉ ቦታዎችም መኖራቸውን አስቦ፥ ለለገሃርም አንድ ወንዝ ሊፈልግለት ይችላል። ስሕተቱን የሚያርመው ቦታው ነው፤ ስሙ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ስም ነውና። «ባቡር» ራሱ «እንፋሎት» ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ አፍ አልፎ የደረሰን ነው። በገጠር የእህል ወፍጮው «ባቡር» ሲባል ብንሰማ ገበሬው ተሳሳተ አንበል፤ በዐረብኛም ቃሉ መርከቡንም ሞተሩንም ይጠራልና።

ጆሮ የሌለውን ዝምድና እንደሚፈጥር ሁሉ ያለውንም ይሰውራል። «ቀሚስ» እና «ሸሚዝ» የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ሆኖም የሁለቱም አያት በላቲን «ካሚሲያ» የተባለው ልብስ ነው፤ አንዱ በዐረብኛ፥ ሁለተኛው በፈረንሳይኛ በኩል መጣ።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። «አሰበ ተፈሪ» የሚለውን ማንኛውም መዝገበ ቃላት ይፈታዋል፤ የፊተኛው ግሥ ነው፥ የኋለኛው «የሚፈራ፥ የሚከበር» ማለት ነው። ነገር ግን ተፈሪ የራስ ተፈሪ መኰንን፥ ማለትም የኋላው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም መሆኑን ያላወቀ ሰው ከዚህ ፍቺ ምንም አያተርፍም። «ጭሮ» የሚለው የአገሬው ኦሮሞ አጠራር ዛሬ የከተማይቱ መደበኛ ስም ሆኖ መመለሱም የታሪክ እንጂ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም።

ስለ መዝገበ ቃላቶቻችን አንድ ቃል እንናገር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.)፥ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል (1951 ዓ.ም.) እና የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ እንዲህ ያለውን ትችት ለመጻፍ ባልደፈርንም። ሊቃውንቱ በግዕዝ ትምህርት የበሰሉ እንደ መሆናቸው ታላቁ ብርታታቸው የቃልን ሥር በማግኘት ላይ ነው። የገበያና የጣቢያ ቃል ግን ከሥሩ ይልቅ የመጣበት መንገድ ይበልጥ ይፈታዋል፤ መንገዱንም ለማወቅ ቃሉ መቼ፥ የት፥ በማን እንደ ተነገረ የሚያስረዳ ምስክር ያስፈልጋል። ከ1884 እስከ 1928 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በየክፍሉ የታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለየቃሉ ዓመተ ምሕረት ያለው ጥቅስ ያቀረበው ስለዚህ ነው። እንግሊዞችም ከጆሮና ከተረት አላመለጡም፤ «ፖሽ» የሚለው ቃላቸው ወደ ሕንድ በሚሄድ መርከብ ላይ ጥላ ያለውን ክፍል ለሚይዝ ሀብታም በቲኬቱ ላይ ከሚታተሙ አራት ፊደላት ወጣ ይላሉ። እንዲህ ያለ ቲኬት ግን አንድም አልተገኘም። ማስረጃ የሌለው ታሪክ ቢጣፍጥም ታሪክ አይደለም።

አንዳንዶች የባዕድ ቃል ተጠርጎ ይውጣ እንጂ ምን ይመረመራል ይሉ ይሆናል። እኛ ግን የሚጣለውንም ቢሆን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል እንላለን። ጊዜውም አይጠብቀንም። በአሮጌው ሐዲድ ላይ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቆሟል፤ አዲሱ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በአሮጌው መስመር ፉርጎ የጫኑ፥ በሂርናና በገለምሶ ቡና በፈረሱላ የመዘኑ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ቃል ይዘውት እያለፉ ነው።

ስለዚህ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተር ይዘን እንሂድ፤ ስለ እያንዳንዱ ቃልም ሦስት ምስክሮችን እንጠይቅ፤ ይኸውም ነገሩን ራሱን፥ የመጣበትን መንገድና የጎረቤቱን ቋንቋ። ሦስቱ ከተስማሙ እንጻፈው፤ ካልተስማሙ ጆሮአችን ብቻውን አይፍረድ።