ፔይሮል ላይ የሌሉት

አንድ የማስተርስ ተማሪ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ሠራተኞች ላይ ስለሚደርስ የሥራ ላይ ጉዳት ጽፎ ሲያመጣልኝ፣ ቀድሜ የማነበው ጥናቱ የተካሄደበትን ቦታና ጊዜ የሚገልጸውን አንቀጽ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ፣ ፓርኩ መስከረም 2011 ዓ.ም. እንደተመረቀ በወጉ ተጽፏል። መጠይቁ በየትኛው ሺፍት እንደተሞላ፣ ሠራተኛዋ ስትጠየቅ አለቃዋ አጠገቧ ቆሞ እንደሆነ ግን አልተነሣም። ይህ ያንገበግበኛል። አለቃዋ እየሰማ «መርፌ ወግቶሽ ያውቃል?» የተባለች ልጅ መልሷ፣ ከሼዱ ውጭ ብቻዋን ስትጠየቅ ከምትሰጠው ጋር አንድ አይሆንም።

መረጃው የት፣ መቼና እንዴት እንደተሰበሰበ እንዲገለጽ ስትሮብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ ሕክምና ሳይሰጥ በማየትና በመጠየቅ ለሚሠሩ ጥናቶች የተዘጋጀ ባለ 22 ነጥብ መመሪያ ነው። ብዙ ሰው ዝርዝሩን የሚከፍተው መጽሔቱ ስለጠየቀ ብቻ ጽሑፉን በሚልክበት ሌሊት ነው፤ በየነጥቡ ትይዩ «ገጽ 4»፣ «ገጽ 6» ብሎ ሞልቶ ይገላገላል። እኔ ፕሮፖዛል ሲጽፉ እንዲከፍቱት አጥብቄ እጠይቃለሁ። በመስክ ያልተመዘገበን ነገር በኋላ ከየት አምጥተው ይጽፉታል?

ነጥብ 13ን እንይ። ስንት ሰው ብቁ ነበር፣ ስንቱ ተሳተፈ፣ የቀረው ለምን ቀረ ይላል። በእኛ ዘንድ ናሙናው ብዙ ጊዜ 422 ነው፤ የጉዳቱ ስርጭት 50 በመቶ ተገምቶ ከቀመሩ 384 ይወጣል፣ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ይታከልበታል። ስም ከፔይሮል በዕጣ ይወጣል። ፔይሮል ላይ ያለችው ግን ዛሬም በሥራ ላይ ያለችው ናት። ወገቧን አሟት ባለፈው ወር የለቀቀችው ዕጣ ውስጥ አልገባችም። ጥናቱ ፋብሪካውን ከእውነቱ ይልቅ ጤነኛ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ አመልካቾችን በዕጣ መድበው ነበር። የፋብሪካ ሥራ ከደረሳቸው አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ። ተመራማሪዎቹ የለቀቁትንም ስለተከታተሉ የጤና ጉዳቱን ማየት ቻሉ። የአንድ ጊዜ መጠይቅ ይህን አቅም የለውም፤ ቢሆንም የሰው ኃይል ክፍሉን በስድስት ወር ስንት ሰው እንደለቀቀ ጠይቆ ቁጥሩን ማስፈር ከባድ አይደለም።

መረጃው የተሰበሰበበት ቀንም እንዲሁ መጻፍ አለበት። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርቷን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት ዕድል፣ ታገደች። መረጃው ከዚያ በፊት ወይም በኋላ መሰብሰቡ ካልተነገረ፣ ስለ ሥራ ጫና የቀረበውን አኃዝ አንባቢ በምን ይመዝነው?

ተማሪዎች «ይህን ሁሉ ከጻፍኩ ገምጋሚው አይጥለውም ወይ?» ይሉኛል። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ መመሪያውን ያዘጋጁት ራሳቸው የጥናት ጥራት መለኪያ አይደለም ብለዋልና 22ቱን ማሟላት ደካማ ጥናትን አያድንም። ነጥብ 19 ግን ድክመቱ ውጤቱን ወዴት እንደሚገፋው ጭምር እንዲጻፍ ይፈልጋል። «ጥናቱ ክሮስ ሴክሽናል በመሆኑ መንስኤና ውጤትን አይለይም» የሚለው የለመድነው ዓረፍተ ነገር አይበቃም። «የለቀቁት ስላልተጠየቁ የጉዳቱ መጠን ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል» ተብሎ ሲጻፍ፣ በዚያ ቁጥር ተመርኩዞ የክሊኒክ መድኃኒትና ነርስ የሚመድበው ሰው ከተጻፈው በላይ መዘጋጀት እንዳለበት ያውቃል።