ሕያው ቢራቢሮና ፎቶግራፍ

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ ልጆቹም ሃይጋዝና ቶኒ ከእርሱ በኋላ፥ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ሥርዓት ተነሺው በመጋረጃ ፊት ጸጥ ብሎ ይቆም ነበር። ቢራቢሮ ግን ቁሚ ቢሏት አትቆምም።

ስለዚህ ቢራቢሮን ፎቶግራፍ ማንሣትን ማዘውተሪያ ካደረጉት በዓለም ካሉ ሰዎች አንዳንዶቹ በማቀዝቀዣ አደንዝዘው በአበባ ላይ አኑረው ያነሧታል። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ምስክርነቱ ግን ሐሰት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 ሮትሺልድና ዮርዳን የተባሉ ሊቃውንት አንዲቱን የአገራችን ቢራቢሮ «ፓፒሊዮ ኤቲዮፕስ» ብለው ሰየሟት። በዚያን ጊዜ ቢራቢሮ የምትመረመረው ተገድላ በመርፌ ተወግታ ነበር። የፎቶግራፍ ምስጋናው ሳይገድሉ ማወቅን ማስቻሉ ነው፤ ፍጥረትን ካሠቃየ ከመርፌው በምን ተሻለ?

ሁለተኛም ነቀፋ አለ። ክንፏን ብቻ አጉልቶ ስፍራዋን የሚሰውር ሥዕል ያንኑ መጋረጃ መልሶ መስቀል ነው። አባ ጨጓሬው የሚበላው ቅጠል ከሌለ ቢራቢሮ አትኖርምና፥ ቅጠሉም ከሥዕሉ ሊታይ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ከነግቢያቸው ሲፈርሱ፥ በዚያ የነበረውን ተክል ማን በሥዕል አስቀረው?

ትዕግሥተኛ ሰው ማቀዝቀዣ አያሻውም። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ማለዳ ብርድ ነው፤ ቢራቢሮም ፀሐይ እስኪሞቃት ድረስ ክንፏን ዘርግታ ትቆያለች። ፈጣሪ የሰጠውን ያን ጥቂት ጊዜ ጠብቆ የሚያነሣ፥ እርሱ በእውነት አነሣ።