«ወንዳወንድ» ስለሚባለው ቃል

ዛፍ የምትወጣ፥ ከወንዶች ልጆች ጋራ በሩጫ የምትፎካከር፥ ስትናገር ድምፅዋን የማትቀንስ ልጃገረድ በሰፈርም ሆነ በትምህርት ቤት «ወንዳወንድ» ትባላለች። ቃሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ብዙ የተሸከመ ሆኖ እናገኘዋለን።

አንዱን ስም ደግሞ በመካከሉ «አ»ን ማስገባት የታወቀ ያማርኛ ልማድ ነው፤ ብረታብረት፥ ቅጠላቅጠል እንደ ማለት። ነገር ግን በዕቃ ላይ ሲውል ዐይነቱን ሁሉ የሚሰበስበው ይህ አካሄድ በሰው ላይ ሲውል መምሰልን ብቻ ያመለክታል። ብረታብረት በእውነት ብረት ነው፤ ወንዳወንድ ግን ወንድ አይደለችም፥ ሴታሴትም ሴት አይደለም። ስለዚህ ቃሉ የተሰወረ ፍርድ አለበት፤ ልጅቷ የሠራችውን የራስዋ ሳይሆን ከሌላ የተዋሰችው ያስመስለዋል። («ወንዳገረድ» የሁለቱ ጾታ ተፈጥሮ በአንድነት ላለበት ሰው የሚነገር ስለ ሆነ ከዚህ ጋራ ሊደባለቅ አይገባውም።)

እንግሊዞች «ቶምቦይ» ይላሉ። ቶም የተራ ሰው ስም፥ ቦይ ወንድ ልጅ ማለት ነው፤ ቃሉም በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለረባሽ ወንድ ልጅ ይነገር ነበር፤ ያው መቶ ዓመት ሳይፈጸም ወደ ሴቶቹ ተዛወረ። ፈረንሳዮች ይብሳሉ፤ «ጋርሶን ማንኬ» የሚሉት ወንድ ሊሆን ሲል ሳይሳካለት የቀረ እንደ ማለት ነው። ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር የእኛው ቃል የዋህ ነው።

ይሁን እንጂ በአማርኛ «ወንድ» የጾታ ስም ብቻ አይደለም፤ የጀግና ስምም ነው። አንዲት ሴት በችግር ጊዜ ስትጸና «ወንድ ናት» ብለን እናመሰግናታለን። እናትም የምትወዳትን ልጅ አቈላምጣ «አንተ» ትላታለች። እንግዲህ ያችው ልጅ በቤት በወንድ አጠራር ትወደሳለች፥ በደጅ በወንድ አጠራር ትነቀፋለች። ሴታሴት የተባለው ልጅ ግን በየትም ቦታ ምስጋና አያገኝም። ሚዛኑ ያጋደለው እዚህ ላይ ነው።

ደራሲዎቻችንም ቃሉን እንደ አቋራጭ መንገድ ይዘውታል። «ወንዳወንድ ነበረች» ብሎ የጻፈ ሰው ልጅቷ ምን እንዳደረገች ከመንገር ያመልጣል፤ አንባቢውም ጠባይዋን ሳያይ ያልፋል። «ደፋር» በሚለው ይተካ እንዳንል፥ ይህም ቢሆን ለወንዱ ጀግንነት፥ ለሴቲቱ ዐይን አውጣነት ሆኖ ይሰማል። ከዛፉ ላይ ሆና ያየችውን፥ ስትወርድም የተቀደደ ቀሚስዋን ለእናትዋ እንዴት እንዳስረዳች ቢጽፉልን እንመርጣለን።