መጠንቀቅና መሰልቸት

በደምብያ ኮላ ድባ እንግሊዝኛ ሳስተምር፥ ደብተር በማርምበት ጊዜ ቀይ እስክሪብቶዬን ደጋግሞ የሚያስቆመው ጥንቃቄን የሚገልጸው «ዌሪ» የተባለው ቅጽል ነው። አንዲት ተማሪ እናቷ ከወባ ትንኝ እንደምትጠነቀቅ ልትጽፍ አስባ፥ በ«ደብልዩ» እና በ«ኤ» መካከል «ኢ» የምትባለውን ፊደል ስላስገባች፥ ቃሉ «ዊሪ» ሆነና እናቲቱ ትንኝ ያሰለቻት ሴት ሆና ተገኘች። ሁለቱም ቅጽሎች «ኦፍ» የሚለውን መስተዋድድ ስለሚያስከትሉ፥ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም፤ ስሕተቱም የሚገለጠው የጸሐፊዋን ሐሳብ ለሚመረምር ብቻ ነው።

ግእዝ የተማረ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ግን ሥዕል ሣለ ነውና፥ ድምፁን እንጂ ፊደሉን ያልጠበቀ ጸሐፊ ለማኙን ሠዓሊ ያደርገዋል።

ሌላው እንቅፋት ከገዛ ቋንቋችን የሚመጣ ነው። እኛ «ከጅብ ተጠንቀቅ» ስለምንል ተማሪው በ«ኦፍ» ፈንታ «ፍሮም»ን ያገባል፤ በአማርኛ መጠንቀቅ ግስ ስለ ሆነም «ዌሪ»ን ያለ ረዳት ግስ ብቻውን ያቆመዋል። ደግሞም ማድጋ ተሸክማ ውኃው እንዳይፈስባት ቀስ ብላ የምትራመደው ልጅ «ኬርፉል» ትባላለች እንጂ «ዌሪ» አትባልም፤ «ዌሪ» የማያውቀውን ውሻ ዐይቶ፥ ዐይኑን ከውሻው ሳይነቅል ዳር ዳሩን ለሚያልፈው መንገደኛ የሚገባ፥ ጥርጣሬ ያለበት ንቃት ነው። ስለዚህ ቃሉን ዘመዱ ከሆነው ከ«አዌር» ጋር አዛምጄ አስተምራለሁ፤ በ«አዌር» ውስጥ ከ«ደብልዩ» ቀጥሎ «ኤ» እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ በ«ዌሪ»ም አይሳሳትም።

ይህን ሁሉ ስለ አንዲት ፊደል መድከም ከንቱ የሚመስለው ቢኖር፥ የደምብያን ሜዳ ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወባ ብዙ ሕዝብ በፈጀበት፥ በ1954ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአቅራቢያው በጎንደር በተቋቋመበት በዚህ አገር፥ የተጠነቀቀ ሰው አጎበሩን ይዘረጋል፤ የሰለቸ ግን ይተወዋል።

ደብተሯን ስመልስላት፥ «እናትሽ ሰልችቷታል ወይስ ትጠነቀቃለች?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኧረ መምህር፥ አጎበሩን ማታ ማታ እሷ ናት የምትዘረጋልን» አለችኝ፤ ጎንበስ ብላም ያቺን ፊደል ራሷ ሰረዘቻት።