ብስክሌቱና አደራው

በዓለም ላይ ካሉት የብስክሌት ዓይነቶች አንዱ የራሱን ማኅበረሰብ፣ የራሱን አለባበስ፣ እንዲያውም የራሱን ፊልም አፍርቷል። ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ አይቀያየርም። ብዙ ጊዜም ፍሬን አይገጠምለትም። የኋላው ባለ ጥርስ ክብ ከጎማው እንብርት ጋር አንድ ሆኖ ስለሚታሰር፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም መዞሩን አያቆምም። ነጂው ቁልቁለት አገኘሁ ብሎ እግሩን ላሳርፍ ቢል አይቻለውም፤ ለማቆም ሲሻም የፔዳሉን ዙር በጭኑና በባቱ ኃይል መቃወም ይኖርበታል። አሠራሩ የመወዳደሪያ ሜዳ ውጤት ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1948 በኮኩራ ከተማ የተጀመረው ኬይሪን የተሰኘው የውርርድ እሽቅድምድም እስከ ዛሬ የሚካሄደው በዚሁ ብስክሌት ነው። ከሜዳው አውጥተው ለከተማ ጎዳና ያበቁት ግን እንደ ኒው ዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ ባሉ ከተሞች ሰነድና ፖስታ በሰዓት ሒሳብ የሚያደርሱት መልእክተኞች ናቸው። ለእነርሱ ነገሩ የውበት ጥያቄ አልነበረም፤ የሚበላሽ ዕቃ የማይበዛበት፣ ጥገናው የማይከብድ መሣሪያ ነበር። ከጊዜ በኋላ መሣሪያው የመልእክተኛው መሆኑ ቀርቶ የወጣቱ ጌጥ ሆነ፤ ከሠራተኛው እጅ የወጣው ቅርጽ ይዘቱን ከኋላው ጥሎ ተጓዘ ለማለት ይቻላል።

በዴቪድ ኬፕ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ለእይታ የቀረበው «ፕሪሚየም ረሽ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ይህንኑ ብስክሌት ዋና ባለታሪክ አድርጎታል። የሕግ ትምህርት ጨርሶ ቢሮ መቀመጥን የጠላው ዋይሊ (ጆሴፍ ጎርደን-ሌቪት) ማርሽም ፍሬንም በሌለው የብረት ብስክሌት በማንሃታን ጎዳናዎች መልእክት ያደርሳል። አንድ ቀን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ፖስታ ይረከባል፤ የሚያደርሰው በደቡብ የከተማዋ ጫፍ ወደሚገኘው የቻይናውያን ሠፈር ነው። በፖስታዋ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ወረቀት ናት። ወረቀቷን ያገኘችው ኒማ የተባለች ቻይናዊት ስደተኛ ስትሆን፣ ያጠራቀመችውን 50,000 ዶላር ለአንድ የገንዘብ አስተላላፊ ሰጥታ ነው። ገንዘቡ ባሕር ማዶ የቀረውን ልጇን በመርከብ የሚያሳፍር ነው፤ ደረሰኝ የለም፣ ባንክ የለም፣ ያለው ያቺ ወረቀት ብቻ ናት። በቁማር ዕዳ የተዘፈቀው መርማሪ ፖሊስ ቦቢ መንዴይ (ማይክል ሻነን) ወረቀቷን ለመንጠቅ ይከተላል።

በቅርጹ ረገድ ፊልሙ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ዋይሊ መስቀለኛ መንገድ ላይ በደረሰ ቁጥር ጊዜ ቆሞ ሦስት መንገዶች በዓይነ ኅሊናው ይሣላሉ፤ በአንዱ ሕፃን ይገጫል፣ በሌላው ራሱ ታክሲ ሥር ይገባል፣ በቀረው ያልፋል። ይህ ዘዴ ተንኮል ያለበት ማሳመሪያ አይደለም፤ ፍሬን የሌለው ሰው አስቀድሞ ማሰብ ግዴታው መሆኑን በሥዕል ቋንቋ ያስረዳል። ከመሣሪያው ባሕርይ የተቀዳ የአተራረክ ስልት በመሆኑ በየትኛውም የፊልም ትምህርት ቤት ሊጠና ይችላል። የሻነን ትወናም ከፊልሙ በላይ ነው፤ ዕዳ ያሳበደው ሰው ሳቁ እንኳ የተበደረው ይመስላል።

ችግሩ የሚጀምረው ፊልሙ የሚወደው ነገር ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ካሜራው የሚወደው ፍጥነቱን ነው። ወረቀቷ ለሩጫው ሰበብ ሆና ቀርታለች፤ ኒማ ስንት ዓመት እንደሠራች፣ ስንት ምግብ እንዳለፋት፣ ለማን አምና እንደሰጠች ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይነገረንም። ፊልሙን ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ሆኖ የሚያይ ተመልካች ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በወረቀቷ ላይ ነው። ምክንያቱም ነገሩን ያውቀዋል። ስሙ አደራ ነው። የጉራጌ ልጅ በሊስትሮነት ወይም በጉልት ንግድ ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ያጠራቀመውን ገንዘብ ባንክ በማይደርስበት ዘመን ወደ አገር ቤት የላከው በሰው እጅ ነው፤ በእቁብ ያሰባሰበውም ከቃል በቀር ዋስ ሳይጠራ ነው። ለመስቀል ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው ሻንጣ ውስጥ የራሱ ዕቃ ብቻ አይገኝም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአለም ገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለማሠራት በማኅበር ተደራጅቶ መዋጮ የሰበሰበው ሕዝብም በአደራ ላይ መንገድ ሠርቷል። ቡታጅራ በዚሁ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ተመልካች ዋይሊን የሚያደንቀው ስለሚበር ሳይሆን የሰው ነገር ይዞ ስለሚበር ነው።

ኬፕ ይህንን አንድ ጊዜ ብቻ የተረዳው ይመስላል። በፊልሙ መጨረሻ ገደማ የዋይሊ ወዳጅ ቫኔሳ ጥሪ ታስተላልፋለች፤ በከተማዋ የተበተኑት መልእክተኞች ብስክሌታቸውን እየነዱ መጥተው መንገዱን ዘግተው መርማሪውን ያስቀሩታል። እስከዚያ ድረስ ብቸኛ ጀግና የነበረው ዋይሊ ለጥቂት ጊዜ ከብዙዎች አንዱ ይሆናል። የብስክሌቱ ማኅበረሰብ ምን እንደሆነ የምናየው እዚያ ላይ ነው፤ ያሳዝናል፣ ቶሎ ያልፋል።

ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 «የብስክሌት ሌቦች»ን ሲሠራ ነገሩን በሌላ በኩል ይዞት ነበር። ሥራ ያጣው ሪቺ የግድግዳ ማስታወቂያ ለጣፊ ሆኖ ለመቀጠር ብስክሌት ያስፈልገዋል፤ መያዣ የገባውን ብስክሌት ለማስመለስ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን ታስይዛለች። የሪቺን ገጸ ባሕርይ የተጫወተውም ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ባለሙያ ተዋናይ አልነበረም። በዚያ ፊልም ብስክሌቱ የሚነዳባቸው ትዕይንቶች ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክብደቱ ይሰማናል። ከኬፕ ፊልም የጎደለው ይህ ክብደት ነው።

በእኛም አገር ብስክሌት ከጣሊያንኛው ጋር ገብቶ ቃላቱን ትቶልናል፤ ጎሚስታ፣ ከመነዳሪ፣ ካቴና። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች ገረመው ደንቦባን ጨምሮ አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በቡድንም 9ኛ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የቱር ደ ፍራንስን ውድድር የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ዓይነት ከተሞች ቅርብ የሆነው ግን በደቂቃ ሒሳብ የሚከራየው ባለ አንድ ማርሽ አሮጌ ብስክሌት ነው። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ እግሩን በብረቱ ሥር አሾልኮ፣ ወገቡን አጣሞ ይነዳዋል። እርሱም እንደ ኒው ዮርኩ መልእክተኛ ማርሽ የለውም፤ ፍሬኑም ብዙ ጊዜ የጫማው ሶል ነው። ልዩነቱ ይህ ቅለት የተመረጠ ሳይሆን የተገኘ መሆኑ ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላም ብስክሌቱ ለአከራዩ፣ ማለት ለባለ አደራው፣ ይመለሳል።

ስለዚህ ከፊልሙ ፍሬን ማውለቅን ብቻ የሚቀዳ ወጣት ካለ ያጣው ብዙ ነው። የማንሃታን ጎዳና ከሞላ ጎደል ሜዳማ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ግን ወደ ግቤ ሸለቆ በብዙ መቶ ሜትር ይወርዳል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከጭነት መኪና ኋላ ያለ ፍሬን መውረድ የሞት መንገድ እንጂ ጥበብ አይባልም። የዘቢዳር ሰንሰለታማ ተራራ ከበላይዋ የቆመላት ቡታጅራም ዳገቷን ለሚያውቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም። ፊልም ሠሪውና ሠዓሊው ከዚህ ሥራ የሚወስደው ካለ ያንን በሦስት መንገድ የማሰብ ስልት ነው፤ የሚያቆምበትም ጉዳይ በአካባቢው ሞልቷል፦ ገበያ የዘጋው ባጃጅ፣ የመስቀል ሰሞን መናኸሪያ፣ የሌላ ሰው ገንዘብ በውስጥ ኪሱ የያዘ ልጅ በኪራይ ብስክሌት ላይ።

ኒማ ልጇ መሳፈሩን በስልክ ስትሰማ ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል። ሙዚቃውም ዝም ቢል ኖሮ ያ ፊት ይበቃ ነበር። ኬፕ ግን አልታገሠም፤ ጥቂት ቆይቶ ዋይሊን እንደገና ጎዳናው ላይ ይለቀዋል።