ከፍቶ አለመዝጋት

በሊነክስ ላይ ፕለጊን የሚቀበል ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚገለገለው በአራት ፈንክሽኖች ነው። ዲኤልኦፕን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ላይብረሪውን ወደ ሜሞሪ ያስገባል፤ ዲኤልሲም የአንድን ስም አድራሻ ፈልጎ ይሰጣል፤ ዲኤልኤረር ምን እንደተበላሸ ይናገራል፤ ዲኤልክሎዝ ይዘጋል። የአፓቼ ሞጁሎችም ሆኑ በሲ የተጻፉ የፓይተን ሞጁሎች የሚገቡት በዚሁ በር ነው። የመጨረሻውን ፈንክሽን ግን እኔ ከተውኩት ቆይቻለሁ።

አከፋፈቱ ላይ ብዙ ክርክር የለኝም። «ሌዚ» ተብሎ ከተከፈተ አንድ ፈንክሽን መጀመሪያ እስኪጠራ ድረስ ስሙ አይፈለግም፤ «ናው» ከተባለ ሁሉም እዚያው ይፈለጋል፣ አንድ ከጎደለም ዲኤልኦፕን እምቢ ይላል። እኔ የናው ወገን ነኝ። በሌዚ የጎደለው ስም የሚታወቀው ሥራው መሀል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ጫኙ አንድ መስመር ጽፎ ፕሮሰሱን በኮድ 127 ያስወጣዋል። ስህተትን የሚይዝ ኮድ ብትጽፉም አይደርስበትም።

መዝጋቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፕለጊኑ ለየትሬዱ የግል ዳታ ያስቀምጣል እንበል፤ ትሬዱ ሲያበቃ ያንን የሚያጸዳ ፈንክሽንም ያስመዘግባል። ፈንክሽኑ ያለው በፕለጊኑ ኮድ ውስጥ ነው። ዋናው ፕሮግራም ዲኤልክሎዝን ይጠራል፣ ኮዱም ከሜሞሪ ይነሣል። ቆይቶ አንዱ ትሬድ ያበቃና የተመዘገበውን አድራሻ ይጠራል። ቤት ለቆ ለሄደ ተከራይ መልእክት እንደመላክ ነው፤ ቤቱም አብሮ ፈርሷል። ሴግመንቴሽን ፎልት! በጂዲቢ ሲታይ በፈንክሽኑ ስም ቦታ ሁለት የጥያቄ ምልክት ብቻ ይገኛል፤ ስሙን የሚያውቀው ላይብረሪ ራሱ ወጥቷላ።

ደግሞስ ተዘጋ ማለት ወጣ ማለት ነው? የፖዚክስ ስታንዳርድ ዲኤልክሎዝ ላይብረሪውን ከሜሞሪ እንዲያስወጣ አያስገድድም። መስል በተባለው የሲ ላይብረሪ ላይ ጭራሽ ምንም አይወጣም። ሌላው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይቆጥራል፤ በተከፈተው ልክ ካልተዘጋ አያስወጣም። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጂሲሲ በፕሮሰሱ ውስጥ አንድ ብቻ እንዲሆኑ ምልክት ባደረገባቸው ስሞች ምክንያት፣ ቆጠራው ዜሮ ቢደርስም ላይብረሪው እዚያው ሊቀር ይችላል። ፕለጊኑን አስተካክሎ፣ ኮምፓይል አድርጎ፣ ዘግቶ ከከፈተ በኋላ አሮጌው ኮድ ሲሠራ የሚያይ ፕሮግራመር ፊት ያሳዝናል።

ስለዚህ ፕለጊን ስከፍት «ኖዲሊት» የሚለውን ምልክት እጨምርበታለሁ፤ ሌላ ሰው ቢዘጋውም አይወጣም። የሚባክነው ሜሞሪ ለአብዛኛው ፕሮግራም ከቁም ነገር አይገባም። ኮዱን ማስወጣት የግድ ከሆነባችሁ ፕለጊኑን በሌላ ፕሮሰስ ውስጥ አስኪዱት፤ ፕሮሰሱ ሲያበቃ ሜሞሪውን ከርነሉ ጠራርጎ ይወስደዋል።